ፍጥነቱን ስጨምርለት መዋሸት የጀመረው ኮምፒውተሬ

ፎቶው ላይ አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ ይታያል። ዓይኖቿ ይታያሉ። ከአፍንጫዋ በታች ያለው ግን ሁሉም ግራጫ ነው፤ ስሚንቶ የተለቀለቀበት ይመስላል።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ምን ነክቶት ነው?»

«ፋይሉ ተበላሽቷል እማ።»

«ማን አበላሸው?»

ቫይረስ ነው አልኳት። ኮምፒውተር ላይ ያልገባንን ነገር ሁሉ የምናላክከው በቫይረስ ነው። እውነተኛውን ጥፋተኛ ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው። እኔው ነበርኩ። ከሰባት ወር በፊት አንድ ምሽት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ 1600 የሚለውን ቁጥር 1866 አድርጌ ወጥቻለሁ።

«ኮምፒውተሬን ኦቨርክሎክ ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ያ ግራጫ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ኦቨርክሎክ ማለት ኮምፒውተሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚፈሩት ጭስ ነው። «ይቃጠልብኝ ይሆን?» ይሉኛል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን የስሌት አንጎል) አላቃጠልኩም። ፕሮሰሰር ከሙቀት ራሱን ይጠብቃል። በጣም ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ አልሆን ካለውም ድርግም ብሎ ይጠፋል። የአያቴን ፎቶ ግን የሚጠብቅልኝ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፕሮሰሰር በምት ነው የሚሠራው። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ነው። በሁለት ምቶች መካከል ያለችው ጊዜ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ሩብ ናት። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በብዙ ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች) አልፎ፣ ዜሮ ወይም አንድ መሆኑ ለይቶለት፣ ረግቶ መገኘት አለበት። ከበሮ መቺው ሲፈጥን ጨፋሪው እግሩን ሳያሳርፍ የሚቀጥለው ምት ይደርስበታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ምቱን ስናፈጥነው ከመንገዶቹ ሁሉ ቀርፋፋው ላይ ያለው ምልክት ይዘገያል። አንድ መሆን የነበረበት ገና ዜሮ እያለ ይነበባል። ማሽኑ መሳሳቱን አያውቅም። ያነበበውን እውነት ብሎ ይዞ ይቀጥላል።

ቮልቴጅ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ትራንዚስተሮቹ ቶሎ ይገለባበጣሉ፤ ለፈጣኑ ምት ይደርሳሉ። ሂሳቡ ግን ይከብዳል። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው የሚያድገው። በ1.20 ቮልት 4.0 ጊጋኸርዝ ይሄድ የነበረውን ፕሮሰሰር በ1.32 ቮልት ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ አሳደጋችሁት እንበል። ሁለቱም ጭማሪዎች 10 በመቶ ናቸው። 1.1ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዙት፤ 1.33 ይመጣል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈላችሁ። ያ ኃይል ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትልቅ ኩለር (ማቀዝቀዣ) ብትገዙም ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ኮር አይ 9 ፕሮሰሰር 9 ጊጋኸርዝን ያለፈው ፈሳሽ ሂሊየም እየፈሰሰበት ነው፤ ሂሊየም ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ስፖርት ነው። መኝታ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ አይደለም።

ፋብሪካው ታዲያ ለእኛ የሚሆን ትርፍ ለምን ይተዋል? ለእኛ ብሎ አይደለም። ከአንድ መስመር የወጡ ሁለት ቺፖች እኩል አይሆኑም። አንዱ በ1.20 ቮልት የሚሠራውን ሌላው 1.30 ካልተሰጠው አይሠራውም። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን አንድ ነው። ያን ቁጥር ደካማው ቺፕም፣ አቧራ በዋጠው ኬዝ ውስጥ የተቀመጠውም፣ ዓመታት ያገለገለውም ማሟላት አለበት። ስለዚህ አምራቹ ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር ያስቀምጣል። ኦቨርክሎክ ማለት ያንን የክፉ ቀን ተቀማጭ በደግ ቀን ማውጣት ነው። ጥሩ ቺፕ የደረሰው ብዙ ያወጣል፤ ያልደረሰው ጥቂት። በሙያው ያሉ ሰዎች «የሲሊከን ሎተሪ» ይሉታል።

ሎተሪው ለሁሉም ሰው የወጣበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። 66.7 ሜጋኸርዝ ባስ (የመነሻው ምት)፣ በ4.5 ማባዣ ሲባዛ፣ 300 ሜጋኸርዝ። ባሱን ወደ 100 ብቻ ከፍ ሲያደርጉት 450 ሜጋኸርዝ ሆነ። ብዙዎቹ ቺፖች ያለምንም ቅሬታ ቻሉት። የፍጥነቱን ግማሽ የሚያህል ጭማሪ በነጻ ማለት ነው! ካሹ (ፕሮሰሰሩ ቶሎ የሚፈልገውን የሚያስቀምጥበት ፈጣን ማከማቻ) ትንሽ ቢሆንም እዚያው ቺፑ ላይ ሆኖ በሙሉ ፍጥነት ስለሚሠራ፣ እጥፍ ድርብ ከሚያስከፍለው ፔንቲየም 2 ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በኢንቴል ተፎካካሪው በኤኤምዲ አትሎንና ዱሮን ፕሮሰሰሮች ላይ የእርሳስ ዘዴ መጣ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቆረጡ ጥቃቅን ድልድዮች አሉ፤ እነሱን በተራ የጽሕፈት እርሳስ አቅልሞ በማገናኘት የተቆለፈውን ማባዣ መክፈት። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እኔ ለዚያ ዘመን አልደረስኩም። ብደርስ ግን እርሳስ ስቀርጽ ታገኙኝ ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ።

የእኔ ማሽን ኮር አይ 5 2500ኬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው ክፍት ነው ማለት ናት። ባሱ 100 ሜጋኸርዝ፣ መነሻ ማባዣው 33፣ ስለዚህ 3.3 ጊጋኸርዝ። ማባዣውን መለወጥ ባዮስ ውስጥ ቁጥር እንደ መጻፍ ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው ችግሩ።

መጀመሪያ ስግብግብነቴ ቀደመኝና 48 ብዬ ጻፍኩ። ሪስታርት አደረግኩ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጥቁር ነው። ላብ አጠመቀኝ። በኋላ የማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ሰሌዳ) መመሪያ ሳነብ ሶኬቱን ነቅዬ ክቧን ባትሪ ማውጣት እንደሚበቃ ተረዳሁ። በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣኋት፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ መለስኳት። ባዮሱ የጻፍኩበትን ሁሉ ረስቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ጀማሪዎች ይህን ቀድመው ቢያውቁ ግማሹ ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል። ጥቁር ስክሪን ደህና ስህተት ነው። ፊት ለፊት የሚጮህ ስህተት ነው።

ከዚያ በ45 ሞከርኩ፤ 4.5 ጊጋኸርዝ፣ 1.32 ቮልት። ዊንዶውስ ተነሳ። ማሽኑን በከባድ ስሌት ለመፈተን ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩና ትንሹን ፈተና ለአንድ ሰዓት አስሮጥኩት። ሙቀቱ 74 ዲግሪ ላይ ቆመ። ስህተት የለም። 40 ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረው ቪዲዮ በ32 ደቂቃ ወጣ። ደረቴን ነፋሁ። ጌሙ ላይ ግን የጨመረ ነገር አላየሁም፤ እዚያ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። የ32 ደቂቃዋን ያልነገርኩት ጓደኛዬ የለም፤ የጌሟን ግን ለማንም አልነገርኩም።

እኩለ ሌሊት ገደማ ሆኗል። ሁሉም ነገር ሰምሮልኛል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ራሙንስ (ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስቀምጥበትን) ለምን አላፈጥነውም? ብዬ 1600 የተጻፈበትን ራም 1866 አደረግኩት። ዊንዶውስ ተነሳ። አሥር ደቂቃ ጌም ተጫወትኩ። ስታክ አላደረገም። «ይሠራል» ብዬ ተኛሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ሌሊት ነው።

ቀጥሎ በመጡት ወራት ምልክቶች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰበብ ነበረኝ። ያወረድኩት ዚፕ ፋይል አልከፈት አለ፤ ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ድጋሚ አወረድኩት፣ ተከፈተ። ብሮውዘሩ አልፎ አልፎ ራሱን ይዘጋ ነበር፤ ብሮውዘር መቼም አይታመንም። በወር አንዴ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል፤ ድራይቨር ነው። ከዚያ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛሁና የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ወደሱ አዛወርኩ። ኮፒ አላደረግኩም። ካት ነው ያደረግኩት። ከአሮጌው እየጠፋ ወደ አዲሱ ሄደ። አሮጌውንም ፎርማት አድርጌ ለሰው ሰጠሁት።

ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላው የሚሄድ ፋይል በራም በኩል ነው የሚያልፈው። እዚያ ሲያልፍ አንዲት ቢት ተገለበጠች። አንድ የነበረችው ዜሮ ሆነች። ጄፔግ ፎቶ ሲጻፍ የእያንዳንዷ ቁራጭ ብርሃን ከፊቷ ካለችው ጋር ባላት ልዩነት ነው የሚመዘገበው፤ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ተጨቁኖ ይቀመጣል። ስለዚህ መሃል ላይ አንዲት ቢት ስትስት ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ መንገዱን ይስታል። አያቴ ላይ ስህተቷ የወደቀችው አፍንጫዋ ጋ ነው። ካየኋቸው ፎቶዎች እንዲህ የሆኑት ዘጠኝ ናቸው። ሁሉንም አላየሁም። ሰርቨሮች ላይ እንዲህ ዓይነቷን ስህተት ይዞ የሚያርም ራም አለ፤ የቤት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ግን እሱ የላቸውም።

ጥፋቱን ያጋለጠው ያው ፕራይም95 ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ኮምፒውተር ለመፈተን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን አስተባብረው በጣም ግዙፍ የሆኑ፣ መርሴን የሚባሉ ዋና ቁጥሮችን (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) የሚያድኑበት ነው። አንድ ስሌት ለረጅም ጊዜ ስለሚቀጥል መሃል ላይ አንዲት ስህተት ሁሉንም ድካም ገደል ትከተዋለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱን ይጠራጠራል። የሚያሰላው በአስርዮሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ሙሉ ቁጥር ላይ ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። ከሙሉ ቁጥር ትንሽ ፈቀቅ ቢል ያጠጋጋዋል። ከ0.4 በላይ ከራቀ ግን አንድ ቦታ ላይ ውሸት ገብቷል ማለት ነው።

ያን ሌሊት የመረጥኩት ትንሹን ፈተና ነበር። ትንሹ ፈተና ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ካሽ ላይ ብቻ ስለሚሽከረከር ራሙን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይነካውም። በዚያ ላይ ራሙን የለወጥኩት ከፈተናው በኋላ ነው። አሁን ራሙንም የሚያዳርሰውን ድብልቁን ፈተና ከፈትኩ። 41ኛው ደቂቃ ላይ አንዱ መስመር ቆመ። የጻፈው ነገር በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ማጠጋጋቱ 0.5 ነበር፤ ከ0.4 በታች ይጠበቃል።» 0.5 ከሙሉ ቁጥር መራቅ የሚቻለው የመጨረሻው ርቀት ነው። ከዚያ በላይ መሳሳት አይቻልም።

ራሙን ወደ 1600 መለስኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሮጠ። አንድም ስህተት የለም።

እና ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ ለሚለው፣ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ባክአፕ አለህ? ከሌለህ ዛሬ አይደለም። ላፕቶፕ ከሆነ አይሆንም፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ የለውም። የሰው ሥራ የምትሠራበት ማሽን ከሆነም ይቅር። ኮምፒውተሩ የዘገየው አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሚነሳ ከሆነ ደግሞ፣ ከ10 በመቶ ፍጥነት ይልቅ አንድ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ሌላ ኮምፒውተር ያደርገዋል። አቧራውን ማራገፍና ተርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) መቀየርም እንዳይናቅ። የራሴ ማሽን በሱ ብቻ 12 ዲግሪ ቀዝቅዟል።

ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም እጁን የሚበላው ካለ ገባኝ። እኔንም ይበላኛል። እንግዲህ አካሄዱ እንደዚህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ማባዣው በአንድ ከፍ ይላል፣ ይፈተናል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፦ ቁጥሩ፣ ቮልቴጁ፣ ሙቀቱ። ወረቀት ላይ እላለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ምን ይጠቅማል? ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ መተው ጥሩ አይደለም። ብዙ ማዘርቦርዶች ማሽኑ እንዳይቆምባቸው ሲሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ። ሙሉ ሥራ ላይ ከ80ዎቹ ዲግሪ መጀመሪያ ባያልፍ እመርጣለሁ፤ የቺፑ ወሰን ግን ብዙ ጊዜ 95 ወይም 100 ነው። ሲቆም ወይም ሲሳሳት ቮልቴጅ እየከመሩ ከመከራከር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። 4.5 እና 4.4 ጊጋኸርዝን በዓይኑ የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም።

ፈተናው ረጅምና የተለያየ ይሁን። አንድ ሰዓት ስህተት አለመገኘቱ አንድ ሰዓት ስህተት አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የክስተት መዝገብም ማየት ነው። «ዊያ» (WHEA) የሚል የሃርድዌር ስህተት ከተመዘገበ፣ ማሽኑ ባይቆምም አፉ ላይ የመጣውን ውጦታል ማለት ነው። ራም ደግሞ መጨረሻ ላይ ይነካል፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት፣ በፍላሽ በሚነሳው ሜምቴስት86 ይፈተናል። በተበላሸ ራም ዊንዶውስን ማስነሳት ዊንዶውሱን ራሱን ለጥፋት ማጋለጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። እኔ የጀመርኩበት ጊዜ ትርፉ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ዛሬ አምራቾቹ ራሳቸው ኦቨርክሎክ አድርገው ነው የሚሸጡልን። አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና ኃይላቸውን በየቅጽበቱ እየለኩ የሚችሉትን ያህል ራሳቸው ይፈጥናሉ። በእጅ አንድ ፍጥነት ሲቆለፍባቸው እንዲያውም አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍሎች አንዱ) ብቻውን ሲሠራ የሚደርስበትን ከፍታ ሊያሳጣቸው ይችላል። ተቀማጩ ተመናምኗል፤ አንዳንዴም ከልክ በላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች የበዛ ቮልቴጅ ሲሰጡ የተቃጠሉ ቺፖች ታዩ፤ ኤኤምዲ የዚያን ቮልቴጅ ጣሪያ 1.3 ቮልት ላይ አቆመው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ያለልክ በሚጠይቁት ቮልቴጅ ምክንያት እየተጎዱ መሆኑ ታወቀ። ኩባንያው በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። በእጃቸው ምንም ያልነኩ ሰዎች ናቸው የተጎዱት። ስለዚህ ባዮስን ማደስ ዛሬ የደህንነቱ አንዱ ክፍል ነው። ዋስትና ካልን ዘንድ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች በኦቨርክሎክ የመጣ ጉዳት አይሸፈንም ይላሉ። ራሙን በአንድ ጠቅታ የሚያፈጥኑት ኤክስኤምፒና ኤክስፖም በነሱ ዓይን ኦቨርክሎክ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

እኔ አሁን ወደ ተቃራኒው አዘንብያለሁ። ቮልቴጅ እቀንሳለሁ። ያው ካሬው ወደ ታችም ይሠራል፤ ትንሽ ቮልቴጅ ሲቀነስ ብዙ ሙቀት ይቀነሳል፣ ቺፑም ባገኘው ቅዝቃዜ ራሱ ይፈጥናል። የግራፊክስ ካርዴን የኃይል ገደብ ወደ 80 በመቶ ሳወርደው ጥቂት ፍሬም አጣሁ፤ ፋኑ ግን ዝም አለ። ግን ይህም ያው ነው። ቮልቴጁ ሲያንስም ቀርፋፋው መንገድ ይዘገያል። ፈተናው አይቀርለትም።

2500ኬው አልሞተም። ታናሽ ወንድሜ ይጫወትበታል፤ ማባዣው 42፣ ራሙ 1600። እኔ ባለፈው ወር አዲስ ገጣጠምኩ። ራሙ በነባሪ 4800 ነው፤ ኤክስፖውን ሳበራው 6000 ሆነ። ዊንዶውስ አልጫንኩበትም። ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስቼ ተኛሁ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ አራት ዙር ተጠናቋል፣ ስህተት 0 ይላል።

ያኔ ነው ፎቶዎቹን ያስገባሁት። ኮፒ ነው ያደረግኩት።